የላብ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ ይግባ? የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ክርክር

አወያይ፦ ሰላም ጀማዓ! የዛሬው ጥያቄ ይኸውና። ዩኒቨርሲቲ ለምርምር ከውጭ የሚያስመጣው መሣሪያ ያለ ምንም ገደብ ከቀረጥ ነፃ ይግባ ወይስ ቅድመ ሁኔታ ይኑረው? መነሻ እንዲሆነን የአሜሪካኖቹን ሕግ አመጣሁ። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣ ነው፤ ሥሩ የ1950ው የዩኔስኮ የፍሎረንስ ስምምነት ነው። ለትርፍ ያልቆመ የምርምር ተቋም መሣሪያ በነፃ ያስገባል፣ ግን በሳይንሳዊ ጥቅሙ የሚስተካከለው እዚያው አገር የሚመረት ከሆነ አይፈቀድለትም።

የላብ ሰው (ኮምቦልቻ)፦ ይሄ ምን ያከራክራል? እዚህ ስፔክትሮፎቶሜትር (በብርሃን የፈሳሽን ይዘት የሚለካውን መሣሪያ) የሚሠራ ማን አለ? በ2014ቱ ጦርነት የወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴውም የእኛም የኮምቦልቻው ግቢ ተዘርፏል። እየተካን ነው። በዚያ ላይ ዶላር ከሐምሌ 2016 በፊት 57 ብር አካባቢ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ከመቶ አልፏል። ቀረጡ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ፣ በኢንሹራንሱና በማጓጓዣው ድምር ላይ ስለሆነ ብሩ በወረደ ቁጥር ቀረጡም ያብጣል። 15 በመቶው ቫት ደግሞ ከቀረጡ በላይ ይደረባል።

ብረታ ብረት ቤት (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)፦ ቆይ ቆይ ወንድሜ። ስፔክትሮ ምናምን አልሠራም፣ ልክ ነህ። ማድረቂያ ኦቨን ግን እሠራለሁ። የላብ ጠረጴዛም፣ የጭስ መሳቢያም እሠራለሁ። ላሜራውና ቴርሞስታቱ ከውጭ ሲመጣ ቀረጡ ዋጋው ውስጥ ገብቶ እኔ እከፍለዋለሁ። እናንተ ያለቀለትን ኦቨን ያለ ቀረጥ ካስገባችሁ በምን አቅሜ ልወዳደር? የአሜሪካኖቹ ገደብ ለእኔ ተመችቶኛል።

የላብ ሰው፦ የአንተን ዓይነት ኦቨን አይተናል። መሃሉ 105 ዲግሪ ሲል ጥጉ 90 ነው። ናሙና እንዴት ላድርቅበት?

ብረታ ብረት ቤት፦ ታዲያ ሙቀቱ ከጥግ ጥግ በስንት ዲግሪ ቢለያይ እንደምትቀበሉ ጻፉልና! ጨረታው ላይ የምትጽፉት የብራንድ ስም ነው። ማራገቢያ ጨምሬበት አስተካክለው ነበር።

አወያይ፦ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ማመልከቻው ለሕዝብ ይወጣና የአገር ውስጥ አምራች በ20 ቀን ውስጥ አስተያየቱን ያስገባል። ዩኒቨርሲቲው «የውጪው ለአያያዝ ይቀለኛል» ቢል ብቻውን አይበቃውም።

ትራንዚተሩ፦ 20 ቀን! እዚህ ያንን ብትጨምሩ ዕቃው ደረቅ ወደብ ላይ ይሸብታል። አሁንስ ቢሆን ነፃ የተባለ ዕቃ መቼ በነፃ ይወጣል? የድጋፍ ደብዳቤው ላይ የሞዴሉ ቁጥር ከኢንቮይሱ በአንድ ፊደል ከተለየ ይመለሳል። እስኪታረም የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል።

መምህርቷ (ኢኮኖሚክስ)፦ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይሄ ቀረጥ ከአንድ ኪስ አውጥቶ ሌላው ውስጥ መክተት ነው። በጀቱን የሰጠው ገንዘብ ሚኒስቴር፣ የሚሰበስበውም መንግሥት። የብረታ ብረት ቤቱ ጥያቄ ግን እውነት አለው፤ መልሱ የእሱን ቴርሞስታት ነፃ ማድረግ እንጂ የእነሱን ኦቨን ማስቀረጥ አይደለም። እኔን የሚያበግነኝ መለዋወጫው ነው። እዚያ ቤት ያለው አቶሚክ አብዞርፕሽን፣ ናሙና ውስጥ ያለውን ብረት የሚለካው መሣሪያ፣ እንዴት ሆነ?

የላብ ሰው፦ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። መሣሪያው ለሚለካው ለእያንዳንዱ ብረት ባብዛኛው የራሱ መብራት ያስፈልገዋል። የክሮሚየሙ አለን፤ የእርሳሱ (የሊዱ) ተቃጥሏል። ማሽኑ ከቀረጥ ነፃ ገብቶ፣ አንዲት በእጅ የምትያዝ መብራት እንደ ተራ ዕቃ ተቀርጣ ትምጣ ይሉናል።

መምህርቷ፦ በቃ፣ ክርክሩ ያለው እሷ መብራት ላይ ነው። የአሜሪካው ሕግ እኮ በነፃ ለገባ መሣሪያ የሚሆን መጠገኛ አካልንም ነፃ ያደርጋል። ከእነሱ የምንቀዳ ከሆነ መጀመሪያ ይህችን እንቅዳ።

ጥራት ተቆጣጣሪው (ፋብሪካ)፦ ቀድታችሁ ቀድታችሁ 5 ዓመቱን እንዳትቀዱብን አደራ! እነሱ ዘንድ በነፃ የገባ መሣሪያ በ5 ዓመት ውስጥ ለንግድ ሥራ ከዋለ ቀረጡ ይጠየቃል። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቆዳ፣ ቢራ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለበት ከተማ ነው። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ፍሳሽ ክሮሚየሙ መለካት አለበት። እኔ ናሙናዬን በሃይላንድ ሞልቼ አዲስ አበባ ነው የምልከው። ዩኒቨርሲቲው በክፍያ ቢለካልኝ ንግድ ሊባል ነው?

ብረታ ብረት ቤት፦ ንግድ ነዋ! ነገ የግል ላብ የሚከፍት ልጅ ቀረጥ ከፍሎ ከእነሱ ጋር ይወዳደር?

ጥራት ተቆጣጣሪው፦ ልጁ እስኪከፍት የቦርከናን ውሃ ማን ይለካዋል?

መምህርቷ፦ ገቢው ለማሽኑ መብራትና ጋዝ ብቻ እንዲውል ተጽፎ ይፈቀድ። ከዚያ ካለፈ ይቀረጥ።

ብረታ ብረት ቤት፦ ማን ሊቆጣጠር? ወረቀት ላይማ ሁሉም ያምራል።

የላብ ሰው፦ ጋሼ ትራንዚተር፣ ለመሆኑ የእርሳሷ መብራት ብቻዋን በደብዳቤ ታልፋለች?

ትራንዚተሩ፦ ኢንቮይሱ «መብራት» ብቻ ካለ ከቤት አምፖል ጋር ይመድቡብሃል። የማሽኑን ሞዴልና መለያ ቁጥር፣ ማሽኑ የገባበትንም ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነድ) ኮፒ አያይዘህ ሰኞ ላክልኝ። አብሽር፣ እንሞክራለን።