አዳማ ላይ የሜቴዎር ሳተላይት ምስል እየተቆራረጠ ነው

ተማሪ_አዳማ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካ የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች ኖአ 15 እና 19 በነሐሴ 2017 ከተዘጉ ወዲህ ወደ ሩሲያው የአየር ሁኔታ ሳተላይት ሜቴዎር-ኤም ኤን2-4 ዞሬያለሁ። የአርቲኤል መቀበያው (ኮምፒውተር ላይ የሚሰካው ትንሽ ሬዲዮ) 137.9 ሜጋኸርዝ ላይ ምልክቱን ያሳያል፤ ምስሉ ግን ጥቁር መስመር ይበዛዋል፣ በተለይ ሳተላይቱ አናት ላይ ሲደርስ። የቪ አንቴናው (ሁለት ክንዶቹ በቪ ቅርጽ የተዘረጉት) ከቆርቆሮ ጣሪያው አንድ ሜትር ከፍ ብሏል። ምን ላስተካክል?

ሶደሬ137፦ ከፍታው ነው ጉዱ። የሞገዱ ርዝመት 2.2 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሜትር ማለት ግማሽ ሞገድ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ያን ጊዜ ከቆርቆሮው የሚመለሰው ምልክት ከላይ በቀጥታ የሚመጣውን ያጠፋዋል። ወደ 55 ሳ.ሜ. አውርደው፣ ቆርቆሮው በተቃራኒው ያግዝሃል። ማቆሚያው እንጨት ወይም የፕላስቲክ ቱቦ ይሁን፣ ብረት አይሁን። ክንዶቹ እያንዳንዳቸው 53.4 ሳ.ሜ.፣ መሃላቸው 120 ዲግሪ፣ አንቴናው ጋደም ብሎ የቪው አፍ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ። ያዳማን ነፋስ ታውቀዋለህ፤ በደንብ እሰረው፣ ማዕዘኑ ከተዛባ ዋጋ የለውም።

ሰማይ_ጠባቂ፦ በሶደሬ137 እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጌይኑን (የመቀበያውን የማጉላት መጠን) እስከ ጥግ አትክፈተው። የከተማው ኤፍኤም ጣቢያዎች መቀበያውን ያጨናንቁታል፤ የኤፍኤም ማገጃ ፊልተር ብታገኝ በጣም ጥሩ ነው። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖልና የስልክ ቻርጀርም ይረብሻል፣ ሳተላይቱ በሚያልፍበት ሩብ ሰዓት ንቀላቸው። ምልክቱን ወደ ምስል በሚቀይረው ሳትደምፕ ፕሮግራም ላይ የ72ኬ አማራጭን ምረጥ።

ተማሪ_አዳማ፦ አመሰግናለሁ። ሌላው የሜቴዎር ሳተላይት ኤን2-3ስ በዚሁ ይሠራል?

ሶደሬ137፦ ይሠራል፣ ምልክቱ ግን ደከም ያለ ነው። መጀመሪያ በኤን2-4 አስተካክል።