ሽምብራ «ሲሰር» ነው «ኪኬር»? የሳይንሳዊ ስም አነባበብ ክርክር

የላብ መምህር፦ እዚህ ሐዋሳ አንዱ ሽምብራን «ሲሰር»፣ ሌላው «ኪኬር»፣ ሌላው ደግሞ «ቺቸር» ይለዋል። ሦስቱም የሚያዩት ፊደል አንድ ነው፦ Cicer። በቃል ፈተና የቱን እንቀበል? እኔ የእንግሊዝኛውን እላለሁ፤ መጽሐፉም ጉባኤውም በእንግሊዝኛ ነው።

የእፅዋት ሰው፦ መምህር፣ እኔ አልስማማም። እንግሊዝኛ አናባቢውን ይውጠዋል። እንሰትን ይመልከቱ። የጂነሱ (የሳይንሳዊ ስሙ የመጀመሪያ ቃል) ስም ከእኛው ቃል የተወሰደ ነው፤ «ኤን-ሴ-ቴ» ተብሎ የመጨረሻዋ «ቴ» መሰማት አለባት። «ኤንሲት» ብሎ የለመደ ተማሪ ሲጽፍም የመጨረሻዋን ፊደል ይጥላታል። አ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኦ፣ ኡ በአፋችን ያሉ ድምፆች ናቸው፤ ለምን በሰው አፍ እናበላሻቸዋለን?

ትንኝ አጥኚ፦ በእሱ እስማማለሁ፤ ተጣምረው የሚመጡ አናባቢዎች ግን ያሳስታሉ። የዴንጊ አስተላላፊዋ ትንኝ የስሟ መጀመሪያ «አ» እና «ኤ» ነው። ሁለቱ በላቲን አብዛኛውን ጊዜ እንደ አንድ ድምፅ ይነበባሉ። ይህ ስም ግን «ደስ የማይል» ከሚል የግሪክ ቃል ስለመጣ «አ-ኤ-ዴስ» ነው። ድሮ ድምፆቹ እንዲለዩ «ኤ»ዋ ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ (ë) ይደረግ ነበር። የእንስሳት ስያሜ ሕግ ነጥቡን አይፈቅድም፤ የእፅዋቱ ይፈቅዳል። እሬትም «አ-ሎ-ኤ» ነው እንጂ «አሎ» አይደለም።

ዓሣ አጥኚ፦ ከሁሉም የሚረሳው ጫናው፣ ማለትም የትኛው ክፍለ ቃል ጎላ ብሎ እንደሚነበብ ነው። ከመጨረሻው ሁለተኛውን ክፍለ ቃል እዩ። ረጅም ከሆነ ወይም በተነባቢ ከተዘጋ ጫናው እዚያው ነው፤ አለበለዚያ አንድ ወደኋላ ይሄዳል። ቆሮሶ «ኦሬኦክሮሚስ ኒሎቲኩስ» ሲባል «ቲ» አጭር ናት፣ ስለዚህ «ሎ» ላይ እንጫናለን። የአምባዛው «ክላሪያስ ጋሪኤፒኑስ» ላይ ግን «ፒ» ረጅም ስለሆነች ጫናው እሷ ላይ ነው። «ኦሬኦክሮሚስ» ውስጥ ያለው የግሪክ ድምፅ «ክ» ነው፤ «ች» የሚሉ አሉ፣ ስህተት ነው።

የላብ መምህር፦ ከሰው ስም የወጡትስ?

የእፅዋት ሰው፦ መጀመሪያ ሰውየው እንደሚጠራ፣ ከዚያ የላቲኑ ቅጥያ። ኮሶ ሃገን በተባለ ጀርመናዊ ስለተሰየመ «ሃጌኒያ»፤ «ሃጄኒያ» አይባልም። ኑግ ከፈረንሳዊው ጊዞ «ጊዞቲያ»።

መረጃ መዝጋቢ፦ እኔ በሁለታችሁም፣ በመምህሩም በእፅዋቱ ሰውም፣ አልስማማም። የስያሜ ሕጎቹ የሚቆጣጠሩት አጻጻፉን ነው፤ ማንም እንዴት ይጥራው አይሉም። ስለዚህ በአነባበብ ነጥብ መቀነስ ተገቢ አይደለም። የሚያስፈራኝ አሞራ ገደል፣ የዓሣ ገበያው፣ ሚዛን አጠገብ አንዱ እየጠራ ሌላው ሲመዘግብ ነው። የቆሮሶ የቀድሞ ስም «ቲላፒያ ኒሎቲካ» ነበር፤ ጂነሱ ሲቀየር ቅጽሉም (የስሙ ሁለተኛ ቃል) ከአዲሱ ጂነስ ሰዋስዋዊ ጾታ ጋር እንዲስማማ «ኒሎቲኩስ» ሆነ። ጠሪው መጨረሻውን ከዋጠው መዝጋቢው አዲሱን ጂነስ ከአሮጌው ቅጽል ጋር ይጽፋል፣ በአንድ መዝገብ ውስጥ አንዱ ዓሣ ሁለት ይሆናል። መድኃኒቱ መዝጋቢው የጻፈውን ጮክ ብሎ መልሶ ማንበቡ ነው።

የላብ መምህር፦ ይህ አሳምኖኛል። «ሲ»ንም «ኪ»ንም እቀበላለሁ። መጨረሻውን የዋጠ ተማሪ ግን ስሙን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል።

የእፅዋት ሰው፦ «ኤንሲት» ያለውንም ያስጽፉልኝ፣ መምህር።