ስሜ «ርካሿ ልጅ» ሆኖ ቀረ፤ እንዴት ልቀይረው?

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦ ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ፈቃድ ያለኝ አስጎብኚ ነኝ። እንግዳ አላጣሁም፤ ያስጨነቀኝ የሚመጡት ሁሉ በዋጋ ብቻ መምጣታቸው ነው። በቀደም አንድ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ በስልክ «ርካሿን ልጅ ልላክልህ?» ሲል ሰማሁት፤ እኔን ነው። ጀማሪ ሳለሁ የምጠይቀው ትንሽ ነበር፣ አሁን ከሌላው እኩል ነው፤ ስሙ ግን ተጣብቆ ቀረ። የፌስቡክ ገጼ «ላሊበላ፣ ጎንደር፣ ሰሜን ተራሮች፣ ኦሞ፣ ጣና፣ ሁሉንም እናስጎበኛለን» ይላል። የግል ብራንድሽን ሥሪ ይሉኛል። አርማ ላሠራ? ፎቶ ልቀይር? ከየት ልጀምር?

የማስታወቂያ ሰው፦ እህቴ፣ አርማውን ለጊዜው ተዪው። ሰው ቁጥርሽን ለሌላ ሲሰጥ አብሮ የሚናገራት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ ብራንድሽ እሷ ናት። መጀመሪያ እሷን እወቂ። አብረውሽ ለዞሩ አምስት ያህል እንግዶች በዋትሳፕ ይህን ብቻ ላኪ፦ «ስለ እኔ ለጓደኛዎ ቢነግሩ ምን ይላሉ?» «እንዴት ነበርኩ?» ብለሽ ግን አትጠይቂ፤ ይሉኝታ ይይዛቸውና ሁሉም «በጣም ጥሩ ነበርሽ» ብሎ ያልፋል። ሥራ የሚያቀብሉሽን የጀልባ ነጂዎችና የሆቴል ሰዎችም ጠይቂ።

ትሩኮለር የሚባለውን፣ የደዋዩን ስም የሚያሳየውን የስልክ መተግበሪያም እዪ። ሰዎች ስልካቸው ላይ በመዘገቡሽ ስም ልትወጪ ትችያለሽ። «ርካሽ ጋይድ» ተብሎ ከተያዘ፣ የማያውቅሽ ሰው ጋ ስትደውዪ ገና ሳያነሳው የሚያነበው ያንን ነው። የራስሽን መለያ ከፍተሽ ሙሉ ስምሽን አስገቢ፤ ዛሬውኑ የሚያልቅ ሥራ ነው።

መልሶቹ ሲመጡልሽ የሚደጋገመውን ፈልጊ። አንቺ ራስሽን «ታሪክ አዋቂ» ትዪ ይሆናል፤ እነሱ «አትቸኩልም፣ እናቴን ደግፋ ከጀልባ አወረደቻት» ካሉ የእነሱን ያዢ። ሌላው ሰው የሚሰማው እነሱ የሚሉትን ነው።

ቲክቶከሩ፦ እኔ ደግሞ በየቀኑ ቪዲዮ ልቀቂ ባይ ነኝ። ሰው ካላየሽ አያውቅሽም። ገዳም ስትገቢ ስልክሽን አውጥተሽ ሥዕሎቹን እያሳየሽ ተናገሪ፣ ተከታይ ይጎርፋል።

የሽምብጧ፦ ወንድሜ፣ መታየቱ ጥሩ ነው፤ እዚህ ላይ ግን አልስማማም። ገዳም ውስጥ ሳያስፈቅዱ መቅረጽ፣ በተለይ በእነዚያ የቆዩ ሥዕሎች ላይ ፍላሽ ማብራት፣ አባቶችን ያስቀይማል። አባቶች ያዘኑበት አስጎብኚ በመቶ ሺህ ተከታይ አይካስም። ጀልባው ላይ፣ በቡናው ጫካ መንገድ ላይ ትቅረጽ፤ እዚያ የሚታይ ሞልቷል።

እህት ዓለም፣ አንቺ ሴት መሆንሽ ራሱ ቁም ነገር ነው። ከጣና ገዳማት ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ይገባል። ይህን ጀልባ ላይ ከወጡ በኋላ ሰምተው ያዘኑ እናቶች አይቻለሁ። ከመነሻው የሚነግር፣ ነጠላ ያልያዘችውን «ነጠላ ያዢ» የሚል ሰው ይፈለጋል። ለመሆኑ ከጣና ዙሪያ የትኛውን ከሁሉ በላይ ታውቂዋለሽ?

ጠያቂ፦ ዘጌን! አያቴ እዚያ ናት፣ ቡና ስንለቅም ነው ያደግነው። ምድሩ በበሬ የማይታረሰው ለምን እንደሆነ፣ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው ከአቡነ በትረ ማርያም በትር እንደበቀሉ የሚተረከውን ሁሉ ከእሷ ነው የሰማሁት። ገጼ ላይ ግን አንድም ቦታ አልጻፍኩትም።

የማስታወቂያ ሰው፦ ይኸውልሽ! ኦሞን አውጪው። «ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ሥፍራ ነው» የሚል መክፈቻም ካለሽ ወደ ታች አውርጂው፤ እውነት ነው፣ ግን ማንም አስጎብኚ ሊጽፈው ይችላል። የአያትሽን ቡና ማንም ሊጽፈው አይችልም። ላሊበላ የሚፈልግ ከመጣም ለምታምኚው ሰው አስተላልፊው።

ጀልባ ነጂ፦ ልጄ፣ እኛ ነጂዎች ስለ አስጎብኚ የምናወራውን ልንገርሽ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁ ሲናወጥ እንግዳ ይፈራል፣ መመለሱም ይከብዳል። በጠዋት የምታስነሣ፣ መመለሻ ሰዓት የምታከብር፣ ለእንግዳ አንድ ዋጋ ለእኛ ሌላ የማትናገር ከሆነች «ከእሷ ጋ ሂዱ» እንላለን። በዋጋ የምትጨቃጨቀዋን ሰው ሲጠይቀን ቁጥሯ የለንም እንላለን።

ሆቴል የምሠራ፦ ስለ ዋጋው ልጨምር። በድምር ስትጠሪ እንግዳው የሚያወዳድረው ድምሩን ብቻ ነው። ጀልባ ይህን ያህል፣ የገዳም መግቢያ ይህን ያህል፣ የእኔ ይህን ያህል ብለሽ ለየብቻ ጻፊለት፤ ያንቺ ድርሻ የቱ እንደሆነ ያያል። ለእንግዳ ተቀባዮቹም አጭር ጽሑፍ በቴሌግራም ላኪላቸው። «ርካሿ» የሚሉሽ ጠልተውሽ አይደለም፣ ሌላ የሚሉት ስላልሰጠሻቸው ነው። ለስብሰባ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ግማሽ ቀን ብቻ ነው የሚኖራቸው፤ እነሱን የሚመለከት መስመር አይቅር።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ከጠየቅኳቸው ሦስቱ «ተረጋግተሽ ታስረጂያለሽ» አሉኝ። ይህን ጻፍኩ፣ እዩልኝ፦

«በዘጌ ያደግሁ አስጎብኚ ነኝ። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን፣ አዝዋ ማርያምንና የቡናውን ጫካ በጠዋት ጀልባ፣ በእርጋታ አሳያለሁ። ከእናትና ከአባትዎ ጋር ለመምጣት ይመቻል። ግማሽ ቀን ብቻ ላለውም ይበቃል። ጢስ ዓባይንም በማንኛውም ወር።»

ጀልባ ነጂ፦ ጎበዝ ልጄ። «በማንኛውም ወር» የሚለውን ብቻ አውጪው። ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚወሰድ በበጋ ፏፏቴው ይሳሳል፤ ፎቶ አይቶ የመጣ ሰው ያዝናል። «ነሐሴና መስከረም» በዪ። በግንቦት ለሚመጣ ውሃው ትንሽ መሆኑን አስቀድመሽ ንገሪውና፣ መሄድ ካለበት በመንገዱ ላይ ያለውን በሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን ድልድይ አሳዪው።