ባልደረባዬ «ኬጂ» ያለኝ ቀን

ሰላም ወገኖች። ለእረፍት ባሕር ዳር መጥቼ ነው የምጽፍላችሁ።

እንግሊዝ በገባሁ ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቅዳሜና እሁድ እንዴት ነበር አለኝ። «ደህና።» ከማን ጋር ነው የምትኖረው? «ከሰዎች ጋር።» ሳቅ አለና «ምነው ኬጂ ሆንክ?» አለኝ። እኔ የማውቀው ኬጂ ሕፃናት ምሳ ዕቃ አንጠልጥለው የሚሄዱበትን ነው። ሕፃን ነህ ያለኝ መስሎኝ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት።

ለካ ሌላ ቃል ነው፤ cagey የሚባል እንግሊዝኛ። የተጀመረው አሜሪካ ነው፤ ምንጩን መዝገበ ቃላትም በእርግጠኝነት አይነግሩንም። የወሬ ቃል ስለሆነ ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይሆንም። እያወቀ የማይናገር፣ ሲጠይቁት የሚያድበሰብስ ማለት ነው። ውሸታም ማለት አይደለም። እኛ «ጭምት» ብለን የምናመሰግነውም አይደለም። ጭምትነት ጠባይ ነው፤ ኬጂ የሚባለው ግን ብዙ ጊዜ ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ስለ ደመወዝ በሉት፣ ስለ ዕድሜ። ኳስ ላይም አለ። ሁለቱም ቡድን ጎል እንዳይገባበት ሰግቶ ሲጫወት ኮሜንታተሩ ጨዋታውን ኬጂ ይለዋል። እኛ «ተፈራርተዋል» የምንለው ነው።

ትናንት ጠዋት ሐይቁ ዳር አንድ ዓሣ አጥማጅ የደንገል ታንኳውን ስቦ ሲያወጣ ደረስኩ። ቀረሶው ገና ይንፈራገጣል።

«ወንድሜ፣ የት አገኘኸው?»

«እዚሁ፣ ውሃው ላይ።»

«በየት በኩል?»

በአገጩ ጣናን በሙሉ አሳየኝ። 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን ሐይቅ! ኬጂ ማለት ይሄ ነው። አልፈርድበትም፤ ቦታውን ቢናገር ነገ ሌላው ይቀድመዋል።

እኛስ ብንሆን? ቪዛው እስኪመታ ለጎረቤት ትንፍሽ አንልም። አክስቴ መሄዴን የሰማችው ከቦሌ ስደውልላት ነው።

እንግሊዞቹን የሚያስከፋቸው ግን መደበቁ አይመስለኝም፤ መንሸራተቱ ነው። «ስለሱ ባላወራ ደስ ይለኛል» ስላቸው ይቅርታ ብለው ይተዉኛል። «አለን፣ እንዲሁ ነው» ስል ነው የሚጠረጥሩኝ። ስለዚህ አዲስ የምትመጡ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ያዟት።

እዚህ ግን አትሞክሯት። ማታ አክስቴ ደመወዝህ ስንት ነው አለችኝ። ያቺኑ መልስ ብሰጣት ፊቷ ተለዋወጠ፤ ጀበናውን እንደያዘች ቀረች። ቶሎ ብዬ «ተመስገን ነው እትዬ፣ አይጎድልም» አልኳት።

ቡናዬን ቀዳችልኝ።