መስከረም 1 ቀን 1994 የት ነበራችሁ? ትዝታ ይታረም ወይስ እንዳለ ይቀመጥ?

የሆጤ ልጅ፦ ሰላም ነው የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። አንድ የሚያጨቃጭቀን ነገር አለ ፍረዱን። አራት ጓደኛሞች ሆነን የሰፈር ሰው ትዝታ በስልክ እየቀዳን ነው፣ ዋናው ሀሳብ የ2014ቱን ጥቅምትና ኅዳር፣ ከተማችን በጦርነቱ ያየችውን፣ ሳይረሳ ማስቀመጥ ነበር ግን እሱ ገና አልጠገገም፣ አንዲት እናት ቤት ቡና ላይ ስልኩን አውጥተን ስናስቀምጥ ቶናውን ሳይቀዱ ረከቦቱን አነሱት፣ በቃ ገባን። ስለዚ ለልምምድ ራቅ ያለ ነገር እንጠይቅ ተባባልን፣ አሜሪካ መንትያ ፎቆቹ የተመቱበትን ቀን። በኛ እንቁጣጣሽ ነበር፣ መስከረም 1 ቀን 1994፣ ማክሰኞ፣ አውዳመት ስለሆነ ሰው የዋለበትን አይረሳም ብለን።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ከቀዳናቸው 9 ሰዎች 5ቱ ጠዋት ዶሮ እየበላን በቲቪ አየነው አሉ። ጓደኛዬ ስህተት ስለሆነ ይቆረጥ ይላል፣ እኔ ደሞ የኛ ስራ ሰው ያለውን መቅዳት ነው እንጂ ማረም አይደለም እላለሁ። የራሴን ልንገራችሁ፣ 11 አመቴ ነበር፣ ክንፉ ከራሱ የሚበልጥ መልአክ ስዬ በየቤቱ እየዞርኩ ሸዋ በር ጋ ስደርስ አንድ ሆቴል በር ላይ ሰው ታጭቋል፣ በእግር መሀል ሾልኬ ገባሁ፣ ዲሽ ላይ ጭሱን አየሁት፣ ስዕሉ እጄ ውስጥ ተጨማዶ ላብ አርሶት ቀይ ቀለሙ ሸሚዜን አበላሽቶት ነበር። ይሄን ማን ነው የሚያርመኝ?

የማትስ ቲቸር፦ እኔ ሳልሆን ሰዓቱ ያርማል። የመጀመሪያው አውሮፕላን ኒውዮርክ ላይ ከጠዋቱ 8፡46 ነው የመታው በነሱ አቆጣጠር፣ ያ ማለት በኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ46። ሁለተኛው 10 ሰዓት ከ3። ደቡቡ ፎቅ 10፡59 ወደቀ፣ ሰሜኑ 11፡28። እናንተ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ዶሮ ስትበሉ እዛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፣ ሟቹም ገዳዩም ተኝቷል። እና 5 ሰው ያላየውን አየሁ ሲልህ ዝም ብለህ ታስቀምጣለህ? ይቆረጥ ባይ ነኝ። ደሴ ወሬ ምን እንደሚሰራ የምታውቅ ከተማ ናት፣ በወሬ ስንቱ ነው ልጁን አዝሎ የሀረጎን ቁልቁለት በእግሩ የወረደው።

ቦርከና፦ እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። አሜሪካ ምናችን ነው? ናይሮቢ የአሜሪካ ኤምባሲ ላይ ቦምብ የፈነዳው ነሐሴ 1 ቀን 1990 ነው፣ ከ200 በላይ ሰው አለቀ፣ ብዙው እንጀራ ፍለጋ የወጣ ጎረቤታችን ነበር። እስቲ የት ነበራችሁ ብዬ ልጠይቃችሁ፣ አንድ ሰው አይመልስም። የኒውዮርኩን ግን ሁሉም ያውቃል። ትዝታ አይደለም ይሄ፣ ስላሳዩን ነው።

ጋላፊ፦ ልጄ ቦርከና እኔ እመልስልሃለሁ። ነሐሴ 1990 እኮ እኛ የራሳችን ጦርነት ውስጥ ነበርን፣ ከሻዕቢያ ጋር ከተጀመረ ሦስት ወሩ ነው፣ አሰብ ተዘግቶ መኪናው ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ ያዞረበት ጊዜ። የናይሮቢውን ሰምቻለሁ ግን ጆሮዬ ሌላ ቦታ ነበር። ሰው የራሱ ሲብስበት የሰው አይገባውም፣ አትፍረድ።

የ1994ቱን በደንብ አስታውሳለሁ። ሚሌ ነበርኩ። አውዳመቱን ኮምቦልቻ ቤቴ ልውል ብዬ ስሮጥ የጭነት መኪናዬ ኤንትሬዋ ሚሌ ላይ ጎማ ጣለችኝ፣ ሙቀቱ ድንጋይ ያፈላል፣ ባዶ ቆርቆሮ ጥላ ስር ተኝቼ ረዳቴ መጥቶ አሜሪካ ተመታች አለኝ፣ ከማን ጋር ጦርነት ገባች ብዬ ነው የጠየቅኩት። ማታ 3 ሰዓት የአሜሪካ ድምፅ አማርኛውን ስንሰማ ሻይ ቤቱ ውስጥ የማንኪያ ድምፅ እንኳን አልነበረም። ስዕል አላየሁም፣ ቲቪ የለም። አሁን ግን ሚሌን ሳስብ ፎቁ ሲወድቅ አብሮ ይታየኛል። ከየት እንደመጣ አላውቅም ማለት ነው። ቲቸር ቁረጠው ካልክ የቱን ትቆርጠዋለህ፣ ሚሌን ነው ፎቁን?

የማትስ ቲቸር፦ ጋሼ ፎቁን ነዋ። ራስዎ አላየሁም አሉ እኮ።

ዝምተኛው፦ ሰኔ 16 ቀን 2010 መስቀል አደባባይ ሰልፉ ላይ ነበርኩ። ቦምቡ ሲወረወር እኔ ራሴ ያየሁት የወለቀ ጫማዬን ብቻ ነው። ሌላውን ያየሁት ማታ በቲቪ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ግን ሁሉንም እንዳየ ሰው ነው የማወራው።

የአረብ ገንዳ ልጅ፦ ቤታችን እንቁጣጣሹም አረፋውም ይገባል፣ አያቴ የማርያም ጠበልተኛ አጎቴ ቃዲ የሚሆንበት ቤት ነው፣ ወሎ ነዋ። ስለዛ ቀን ምንም አላስታውስም ብላችሁ ታምናላችሁ? ምንም። የማስታውሰው ከዛ በኋላ ያለውን ነው። የአጎቴ ልጅ ዲቪ ደርሶት ነበር፣ ስሙ የነቢዩ ስም ነው፣ ወረቀቱ ለማጣራት ተብሎ ዛሬ ነገ ሲባል አመቱ አለቀ፣ ዲቪ ደሞ አመቱ ካለቀ አለቀ ነው። በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጫት እየቀጠፈ "አባቴ ስም ሲያወጣልኝ ምን ቸኮለ" ይል ነበር እየሳቀ፣ ሳቁ ደስ አይልም። እና አውሮፕላኖቹን ከጠለፉት 19 ሰዎች አንድም የወሎ ሰው የለም፣ 15ቱ ሳኡዲዎች ናቸው። የሞተው ደሞ 2977 ሰው ነው፣ ፔንታጎን ላይ የተከሰከሰው አውሮፕላን ውስጥ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ነበረ፣ ለአዲስ አበባ የኩላሊት እጥበት ማሽን ሲያሰባስብ የነበረ። ስለዚ ቦርከና ምናችን ነው ስትል በጥንቃቄ። የሆጤ ልጅ አንተም የት ነበራችሁ ብለህ አትጠይቅ፣ ከዛ በኋላ ምን ሆናችሁ በል።

የሆጤ ልጅ ታላቅ፦ እንዴ አንተ ልጅ! ሆቴሉ ውስጥ የገባሁት እኮ እኔ ነኝ! አንተ የዛን ቀን ከድስቱ ያልበሰለ ዶሮ ሰርቀህ በልተህ ሆድህን ቆርጦህ እማዬ ጤና አዳም አጠጥታህ ስታቃስት ነው የዋልከው። ማታ መጥቼ ስነግርህ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነህ አፍህን ከፍተህ ነበር የምትሰማው። ሸሚዙም የኔ ነው፣ በቀዩ ቀለም የተገረፍኩት እኔ ነኝ አንተ አይደለህም።

ቦርከና፦ ሃሃሃሃ ጉድ ፈላ

የሆጤ ልጅ፦ ቆይ እማዬ ጋ ልደውል።

የሆጤ ልጅ፦ ደወልኩ። "የታመምክበት አውዳመት ነው" አለችኝ ሳታስብ። ወላሂ ደንግጫለሁ። በሰዎች እግር መሀል ያየሁት እኮ አሁንም ይታየኛል፣ አንዱ ሰውዬ ሸራ ጫማ አድርጎ ነበር፣ ማሰሪያው የተለያየ። በማን አይን ነው ያየሁት ታዲያ?

የማትስ ቲቸር፦ ይሄው! አየህ ወንድምህ ባይኖር ኖሮ መልአክህን ይዘህ ታሪክ ውስጥ ትገባ ነበር። እና ይሄ ያንተ ጉድ ብቻ አይደለም፣ አሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ በማግስቱ 54 ተማሪ ትላንት የት ነበርክ ብለው አፃፏቸው፣ አብረው ስለ አንድ ተራ ቀንም አፃፏቸው፣ ከዛ ከሳምንታትና ከወራት በኋላ መልሰው ጠየቁ። የሁለቱም ትዝታ እኩል ነው የሚሸረሸረው። ልዩነቱ ስለ ተራው ቀን ሲጠየቁ እንጃ ይላሉ፣ ስለዛኛው ቀን ግን እየተሳሳቱም እርግጠኛ ነኝ ማለታቸው አይቀንስም። እርግጠኛ ነኝ የሚል ሰው ነው የሚያስፈራኝ።

የሆጤ ልጅ፦ እሺ ግን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ራሱ ቡሽ፣ የዛን ቀን ሊጎበኝ የሄደበት ትምህርት ቤት፣ ክፍል ከመግባቴ በፊት የመጀመሪያው አውሮፕላን ሲመታ በቲቪ አየሁ ብሎ በአደባባይ ተናግሯል፣ የመጀመሪያውን ደሞ በዛ ሰዓት ያስተላለፈ ጣቢያ የለም፣ ሰዎች ከዚህ ተነስተው ቀድሞ ያውቅ ነበር ብለው ስንት ሴራ ፈተሉ። ይሄ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ሰው እንዴት እንደሚሳሳት በምን እናውቅ ነበር? እኔ አሁንም ይቀመጥ ነው የምለው፣ የኔም ጭምር። ከጎኑ ወንድሙ እንዲህ ይላል ተብሎ ይፃፍ።

የአረብ ገንዳ ልጅ፦ ይሄ ያስኬዳል።

የማትስ ቲቸር፦ ወንድም ለሌለውስ?

የሮቢቷ፦ እኔ ወንድም የለኝም። ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ ፃፊ ፃፊ አለኝ።

1994 ጅዳ ሰው ቤት ነበርኩ፣ ከሄድኩ 7 ወሬ። አውዳመት መሆኑን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለማን ይነገራል፣ ጠዋት ወጥ ቤት በቀስታ አበባየሆሽን አንጎራጉሬ ዝም አልኩ። ከሰዓት የባባን ጉትራ እየተኮስኩ ነበር፣ ነጩን ጨርቅ ራሳቸው ላይ የሚያደርጉትን፣ ስታርች ይደረግለትና ካውያው ካልበረታ አይቆምም። አሱር ተሰግዶ ወጥቷል፣ አዛኑን ሰምቼ ውሃ ጠጥቻለሁና አውቃለሁ። ሳሎን ቲቪው ክፍት ነው፣ ማዳሜ ጮኸች፣ ቀና ስል አንድ ፎቅ ይጨሳል፣ ፊልም መሰለኝ፣ ቆይቶ ሌላ አውሮፕላን መጥቶ ሌላኛው ውስጥ ገባ። ቆሜ ቀረሁ። ሽታው ነው የቀሰቀሰኝ፣ ካውያውን ጉትራው ላይ ረስቼዋለሁ፣ ሳነሳው ቡኒ የካውያ ቅርፅ ቁጭ ብሏል፣ ልክ እንደ ጀልባ። ከደሞዜ ተቆረጠ። ልጆቹ ስልክ ላይ እየጮሁ ያወራሉ፣ አረብኛዬ ገና ነው፣ ከሁሉም የገባኝ አሜሪካ የሚለው ብቻ። ለሊቱን ሙሉ ጦርነት እዚህ ይመጣል ብዬ ቦርሳዬን ጭንቅላቴ ስር አድርጌ ተኛሁ፣ ፓስፖርቴ ግን እነሱ ጋ ነው የት ልሄድ እንደሆነ።

እና ቲቸር የኔን የሚመሰክር ማንም የለም። እነዛን ሰዎች ድጋሚ አላያቸውም። ልትቆርጠው ነው?

የማትስ ቲቸር፦ እህቴ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሳስበው ነበር። የጅዳ ሰዓት ከኛ ጋ አንድ ነው። በመስከረም መጀመሪያ አሱር እዛ 9 ሰዓት ተኩል አልፎ ወደ 10 ሰዓት ሲቃረብ ነው የሚሆነው። ሁለተኛው አውሮፕላን 10 ሰዓት ከ3። ከአሱር ብዙ ሳይቆይ ማለት ነው፣ ገጥሟል። ያንቺን አልቆርጥም።

ጋላፊ፦ ሰዓት ባይገጥምስ? ጉትራው ተቃጥሎ የለ እንዴ?

የሮቢቷ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አንድ ነገር አለ። ያኔ ደብዳቤ መፃፍ ስለማልወድ በካሴት ነበር ለእማዬ የምልከው፣ የአውዳመቱን ሳምንት ቀድቼ ወደ ሀገር ለምትገባ ልጅ ሰጥቻት ነበር፣ ካሴቱ አሁንም እማዬ ሳጥን ውስጥ በሻሽ ተጠቅልሎ አለ፣ ማጫወቻ ነው ያጣሁት።

ዝምተኛው፦ የአባቴ ቴፕ አለ። 6 ድንጋይ ይበላል እንጂ ይሰራል። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነኝ፣ ነይ ውሰጅው።

ቦርከና፦ እኔ ድንጋዩን እገዛለሁ። ወላሂ ስቀልድ አይደለም።

የሮቢቷ፦ (ከ4 ቀን በኋላ) ሰማሁት። ከእህቴ ልጅ ጋር ሆኜ ነው የሰማሁት። ስለ ፎቁ አንዲት ቃል የለም። ስለ ጉትራውም የለም። ዶሮ ስንት ገባ፣ የጣራው ቆርቆሮ ተቀየረ ወይ፣ ብሩ ደረሰ ወይ፣ እንደዛ ነው የሚለው። ድምፄ የሌላ ሰው ነው የሚመስለው፣ የህፃን።

የማትስ ቲቸር፦ ቀኑ እርግጠኛ ነሽ? ሌላ ጊዜ የተቀዳ እንዳይሆን።

የሮቢቷ፦ እንቁጣጣሽ አልፎ ሳምንት ሆነው እላለሁ መጀመሪያው ላይ። ደሞ ሌላ ካሴት ላይ የማልለውን ነገር ብያለሁ፣ እኔ ያለሁበት ሰላም ነው እላለሁ። ዶሮውን ጠይቄ ሰላም ነው፣ ቆርቆሮውን ጠይቄ ሰላም ነው፣ ሲያልቅ እንደገና። ሦስቴ። ማንም ሳይጠይቀኝ። የእህቴ ልጅ አክስቴ ለምን ደጋገምሽው አለችኝ፣ አጥፊው ድንጋዩ ያልቃል አልኳት።