አይ ሲ ዩ ለገባች እናቴ የሚሰጣት ምግብ በጣም አነሰብኝ፣ ልክ ነው?

የፒያሳ ልጅ (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ እዚሁ ደሴ አይ ሲ ዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ናት። ከባድ የሳንባ ምች ነው፣ አሁን የምትተነፍሰው በማሽን ነው። ምግብ በአፍንጫዋ በገባው ቱቦ ይሰጣታል፣ ግን በሲሪንጅ ተለክቶ ትንሽ ትንሽ። ስጠይቅ "መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው" አሉኝ። ቤተሰቡ ተቆጥቷል። አክስቴማ "ሰው ተርቦ እንዴት ይድናል?" ብላ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ በሩ ላይ ናት። ይህ ነገር በጥናት የተደገፈ ነው ወይስ ምግብ ስለሌላቸው ነው? በሚገባኝ መንገድ አስረዱኝ።

ሲስተር ከኮምቦልቻ
አብሽር ወንድሜ፣ አላህ ያሽርልህ። አስቸኳዩን ልቅደም፦ አጥሚቱን ራሳችሁ በቱቦው እንዳትሰጡ። ወፍራም ነው፣ ቱቦውን ይደፍናል። ቱቦው ከቦታው ተንሸራቶ ከሆነ ደግሞ ምግቡ ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ ከመስጠታችን በፊት ቦታውን የምናረጋግጠው፣ ራስጌዋንም ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ የምናደርገው ለዚሁ ነው። አክስትህን ግን ማንም አይቆጣት። ይዛ የመጣችውን ለነርሷ ታሳይ። ፎርሙላ (ለቱቦ ተብሎ የተዘጋጀው ምግብ) ሲጠፋ ከቤት የመጣ ምግብ ቀጥኖና ተጣርቶ የሚሰጥበት ጊዜ አለ፣ ያ ግን ሐኪም አዞ፣ መጠኑ ተለክቶ ነው።

ኒውትሪሽን ተማሪ
ስለ ጥናቱ እኔ ልመልስ። "ብዙ ከተሰጠው ቶሎ ይድናል" የሚለው ሐሳብ በደንብ ተፈትኗል። አሜሪካ ውስጥ ኤደን የተባለው ጥናት (2012) ሳንባቸው የተጎዳ 1,000 ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ ለመጀመሪያዎቹ 6 ቀናት ለገሚሱ ጥቂት፣ ለገሚሱ ሙሉ ምግብ ሰጠ። በ60 ቀን ውስጥ በሞቱት ቁጥር ልዩነት አልተገኘም፣ ማስታወክ ግን ሙሉ በተሰጣቸው ላይ በዛ። በ2015 የወጣው ፐርሚት ደግሞ ሳዑዲና ካናዳ ውስጥ 894 ሰው ላይ የተሠራ ነው። ከሚያስፈልጋቸው ካሎሪ ግማሽ ገደማ ከተሰጣቸው በ90 ቀን ውስጥ 27.2 በመቶ ሞቱ፣ እንደተለመደው ከተሰጣቸው 28.9 በመቶ። እኩል ነው ማለት ይቻላል። በ2023 ፈረንሳይ ውስጥ በማሽን የሚተነፍሱና የደም ግፊታቸው ወርዶ በመድኃኒት የተደገፈ ከ3,000 በላይ ሕሙማን ላይ ሲሞከርም ሞቱ አልተለየም፤ እንዲያውም ጥቂት የተሰጣቸው ከአይ ሲ ዩ ለመውጣት ቀድመው ደረሱ፣ ትውከትና ተቅማጥም አነሰላቸው።

ምክንያቱ ይህ ነው። በጽኑ ሕመም የመጀመሪያ ቀናት ሰውነት ከራሱ ጡንቻና ጉበት እያወጣ ስኳር ይሠራል፣ እኛ ከውጭ ብንጨምርም ያንን አያቆምም። ስለዚህ ይደራረባል፣ የደም ስኳር ይወጣል። ግን ጥቂት ማለት ባዶ ማለት አይደለም! የአውሮፓ መመሪያ የሚለው በ48 ሰዓት ውስጥ በቱቦ ጥቂት ጀምሩ፣ ከ3ኛው ቀን በኋላ ወደ ሙሉው አሳድጉ ነው።

ሐኪም ነኝ፣ ወሎ
ከላይ ያለው ልክ ነው፣ አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። እነ ኤደንና ፐርሚት ላይ የገቡት ሰዎች በአማካይ ወፈር ያሉ ናቸው። የእኛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ ከስቶ ነው አይ ሲ ዩ የሚደርሰው። ለእሱ "ጥቂት ይበቃዋል" ተብሎ ሳምንት፣ ከዚያም ሁለተኛ ሳምንት ከተረሳ ጡንቻው ያልቃል፣ ከማሽኑም መላቀቅ ያቅተዋል። በሌላ በኩል ብዙ የከሳ ሰው ላይ በድንገት ምግብ ካበዛህ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም የሚባሉት ማዕድናት ከደም ውስጥ ይወርዳሉ፣ ልብም ሊቆም ይችላል። በጣም ለከሱ ሕፃናት መጀመሪያ ቀለል ያለውን ኤፍ 75 ወተት ሰጥተን፣ ሲረጋጉ ነው ካሎሪው ከፍ ወዳለው ኤፍ 100 የምናልፈው፤ ጤና ጣቢያ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። አዋቂም ላይ ያው ነው። እናትህ ከመታመሟ በፊት እንዴት ትበላ ነበር?

የፒያሳ ልጅ (ደሴ)
አሜን፣ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሁዳዴን ሙሉ ጾማለች፣ ከዚያ ሳሉ ሲጀምራት ምግብ እምቢ አለች። ቀሚሷ ሁሉ ሰፍቷት ነበር። ይህን እስካሁን የጠየቀን ሰው የለም።

ሐኪም ነኝ፣ ወሎ
ዛሬውኑ ንገራቸው፣ ትልቅ መረጃ ነው። ቲያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ተጀምሮላት እንደሆነ ጠይቅ፣ ምግቡ ከመጨመሩ በፊት መሰጠት አለበት። ፎስፌት የሚሠራ ላብራቶሪ ካለ ይሠራላት፣ ከሌለ ቢያንስ ፖታሲየሙ በየቀኑ ይታይ። ከዚያ "በስንተኛው ቀን ስንት ሚሊ ሊትር ልታደርሷት ታስባላችሁ?" በላቸው፤ ዕቅድ ካላቸው ቁጥሩን ይነግሩሃል። ሳምንት አልፎ መጠኑ ያው ከሆነ ዝም እንዳትል።