በእቁብ ብር ጌም የሚያጫውት ዴስክቶፕ፦ ይሄን ዴል ልውሰደው?

የድሬዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜን «12ኛ ክፍልን ካለፍክ ኮምፒውተር እገዛልሃለሁ» ብዬው ነበር። አለፈ። እቁቡም ወጣልኝና ማምለጫ አጣሁ፤ በእጄ ያለው 70 ሺህ ብር ነው። የሚፈልገው ጂቲኤ 5፣ ኢኤ ኤፍሲ 24 እና ከጓደኞቹ ጋር ቫሎራንት መጫወት ነው። ለእናታችን «ግቢ ሲገባ ለትምህርቱ ነው» ብለናታል፣ ያ በመካከላችን ይቅር።

ታይዋን ገበያ አንድ ነጋዴ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 አሳየኝ። ቀጭኑ ዓይነት፣ ኮር አይ 7፣ 8 ጊጋ ራም። «ግራፊክስ ካርድ ብቻ ጨምሪበት፣ የማይጫወተው የለም» ይላል። ቤት ያለው ስክሪን አሮጌ ነው፣ ያንን ሰማያዊ ጫፍ ያለውን ገመድ ብቻ ነው የሚቀበለው። አቦ ልውሰደው?

ሶልደር፦
እህቴ እንኳን ደስ አላችሁ። ዕቃውን ግን አትውሰጂው። አዲስ አበባ ጥገና ላይ ነው የምሠራው፤ ይህን ቀጭን ዴል ገዝተው ካርድ በእጃቸው ይዘው «ግጠምልኝ» የሚሉኝ ሰዎች አያልቁም። አይገጥምም። እዚያ ኬዝ ውስጥ የሚገባው ቁመቱ ግማሽ የሆነ ካርድ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም፣ ሲገኝም ይወደዳል። ፓወር ሰፕላዩ 255 ዋት ነው፣ ለካርድ የሚሆን ገመድ የለውም። ልቀይረው ብትዪ እንኳ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ጫፍ ዴል ለራሱ ያወጣው ባለ 8 ፒን ነው፤ ገበያ ላይ ያለው ባለ 24ቱ ያለ አዳፕተር አይሰካበትም። ሰው ሁሉ ፕሮሰሰሩን ይጠይቃል፣ ካርዱን የሚወስነው ግን ኬዙና ፓወሩ ነው።

«ኮር አይ 7» ሲሉሽ ደግሞ ከኋላው ያለውን ቁጥር ጠይቂ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አይ 7-2600 እና በ2020 የወጣው አይ 3-10100 ሁለቱም 4 ኮር ናቸው፣ ግን አይ 3ቱ ጥሎት ይሄዳል።

ቫሎራንት ካለ ከ8ኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰር (እንደ አይ 5-8500 ያለው) በታች አትውረጂ። ኢንቴል ከሆነ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከዚያ ጀምሮ ነው፤ ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ቫሎራንት ደግሞ ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፑ) እና ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልታወቀ ሶፍትዌር የሚከለክለው ሴቲንግ) ካልበሩለት አልሠራም ይላል።

እኔ ብሆን ታወሩን፣ ማለትም ትልቁን ኬዝ ነው የምፈልገው፤ ዴል 7060፣ ኤችፒ 800 ጂ4 ወይም ሌኖቮ ኤም720ቲ፣ አይ 5-8500 ያለው። ባለ 6 ኮር ነው። እላዩ ላይ ጂቲኤክስ 1650 የሚባለው የኤንቪዲያ ካርድ። የሚወስደው 75 ዋት ስለሆነ ከማዘርቦርዱ መሰኪያ ራሱ ይጠጣል። ባለ 6 ፒን ገመድ የሚጠይቅ 1650ም ስላለ ከመክፈልሽ በፊት የካርዱን ጎን ተመልከቺ።

ሜሪ ጌመር፦
ሶልደር መቼም ያገለገለ ካልሆነ አይመክርም። እኔ ራይዘን 5 5600ጂ የሚባል የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ያለው አዲስ ኮምፒውተር አስገጥሜ ያለ ካርድ ሁለት ዓመት ተጫውቼበታለሁ። ግራፊክሱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። ቫሎራንት እንደ ውሃ ይፈስሳል፣ ጂቲኤ 5ም ሴቲንጉን ዝቅ ካደረግሽው ይሄዳል። ካርዱን ሌላ እቁብ ሲደርስሽ ትጨምሪያለሽ።

ራሙን ግን አንድ ባለ 16 እንዳትገዢ፣ ሁለት ባለ 8 አድርጊው። ውስጡ ያለው ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከራሙ ይበደራል፤ ራሙ አንድ ከሆነ መንገዱ በግማሽ ይጠብበታል። የመጀመሪያውን ወር በአንድ ራም ተጫውቼ ፕሮሰሰሩን ስረግም ነበር፣ ለካ ጥፋቱ የኔ።

ሶልደር፦
ሜሪዬ ዕቃው ጥሩ ነው፣ ግን መቼ ነው የገዛሽው? የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአዲስ ዕቃ ዋጋ ያኔ የምታውቂው አይደለም። ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ፓወር፣ ኬዝ፣ ኤስኤስዲ እያልሽ ደምሪና ከ70 ሺህ ምን እንደሚተርፍ ንገሪኝ። ኤፍሲ 24 ደግሞ በትንሹ ብሎ የሚጠይቀው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ካርድ ነው፣ 5600ጂ እዚያ አይደርስም።

ሜሪ ጌመር፦
ዋጋው ላይ እጄን ሰጥቻለሁ። ኤፍሲ ግን ሁሉን ነገር ዝቅ አድርገሽ ይከፈታል፣ ሣሩ ብቻ ምንጣፍ ይመስላል።

ቡር ዱባይ፦
ካርድ በሰው ለማስመጣት ካሰብሽ አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። እኔ ለዘመዶቼ የምገዛው እዚህ ዱባይ ኻሊድ ቢን አል ወሊድ መንገድ ካሉት ሱቆች ነው፣ አንዴ ተሸውጃለሁ። «1050 ቲአይ» የሚል ስቲከር ተለጥፎበት ውስጡ የድሮ ካርድ ሆኖ ተገኘ። ካርዱ ውስጥ ያለውን ሶፍትዌር ስለሚቀይሩት ዊንዶውስም 1050 ቲአይ ብሎ ያነብበዋል። መለያው ቀላል ነው፦ ከ10ኛው ተከታታይ (እንደ 1050 ካሉት) ወዲህ ያሉት የኤንቪዲያ ካርዶች ቪጂኤ የሚባለውን፣ ያንን የአሮጌ ስክሪንሽን ሰማያዊ ገመድ የሚቀበለውን መውጫ ትተውታል። ካርዱ ላይ ካየሽው ሂሳብ አትክፈዪ። ሁለተኛ፣ ጂፒዩ-ዚ የምትባለዋን፣ የካርዱን ማንነት የምታሳይ ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘሽ ሂጂና እዚያው ሱቅ ክፈቻት፤ የተቀየረ ካርድ ስታገኝ ብዙ ጊዜ ስሙ ፊት «ፌክ» ብላ ትጽፋለች።

አርኤክስ 580 የሚባለውን የኤኤምዲ ካርድ በርካሽ ካቀረቡልሽ ደግሞ ብዙዎቹ ክሪፕቶ ሲቆፍሩ የኖሩ ናቸው። 185 ዋት ይፈልጋል፣ የቢሮ ኮምፒውተር ፓወር አይችለውም። 2048ኤስፒ የሚል ከተጻፈበት እንዲያውም ስሙ 580 ሆኖ ጉልበቱ የ570 ነው።

አባ ስታብላይዘር፦
ልጄ፣ ስለ መብራቱ ማንም አላነሳም። ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው ዕቃ የሚያቃጥለው። መብራት ሲሄድ ከሶኬቱ ንቀሉት፣ ከመጣ በኋላም ትንሽ አቆዩት። ከ70 ሺህው ላይ ለዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ ለምትይዘዋ ሳጥን፣ ቀንሺ፤ ትንሿ 650 ቪኤ ብትሆን እንኳ ጨዋታውን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት ትበቃለች። ጌም ለመጨረስ ግን አትጠብቁባት።

ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ኮምፒውተር ከሆነ ከኋላው ፓወሩ ላይ ቀይ ማብሪያ እንዳለ እዩ። 115 ላይ ከሆነ ወደ 230 ሳትመልሱ በእኛ 220 ላይ ብትሰኩት «ቷ!» ይላል፤ የልጄን ኮምፒውተር እንደዚያ ነው የሸኘሁት። ድሬ ደግሞ ሙቀትና አቧራ ነው። ግድግዳ ላይ አታስጠጉት፣ መሬት ላይም አታስቀምጡት። በየሁለት ወሩ ከፍታችሁ በብሩሽ ጥረጉ።

የድሬዋ፦
አባባ አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁም ተባረኩ። ቀጭኑን ትቼዋለሁ። ሌኖቮ ኤም720ቲ ታወር፣ አይ 5-8500፣ አዲስ አበባ ያለች የአክስቴ ልጅ አግኝታለች። ጌሞቹን በሞባይል ዳታ ማውረድ ግን ሌላ እቁብ ይፈልጋል፣ ጂቲኤ ብቻውን ከ100 ጊጋ በላይ ነው አሉኝ።

ሜሪ ጌመር፦
ጂቲኤውን ስቲም (የጌም መሸጫ ፕሮግራሙ) ላይ ግዢው፣ ከዚያ ያው ጌም ካለው ጓደኛው የጌሙን ፎልደር በኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ገልብጣችሁ በስቲም ፎልደር ውስጥ ቦታው ላይ አስቀምጡት። «ኢንስቶል» ሲል ያለውን ይቆጥርና የጎደለውን ብቻ ያወርዳል።

የድሬዋ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦
ዕቃው መጣ! 1650ውን ራሱ ገጠመው፣ ጂፒዩ-ዚም ሱቅ ውስጥ «ፌክ» አላለችም። ግን አሁን ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ጥቁር። ወንድሜ «ነጋዴው ሸወደን» እያለ ነው።

ሶልደር፦
ሰማያዊው ገመድ የት ነው የተሰካው? ከላይ ከኪቦርዱ መሰኪያ አጠገብ ከሆነ ያ የማዘርቦርዱ ነው። ካርድ ሲገባ ብዙ ጊዜ እሱ ይዘጋል። ታች በአግድም ካለው ከካርዱ ራሱ አውጡት።

የድሬዋ፦
ካርዱ ላይ ሰማያዊ የለም እኮ!

ሶልደር፦
አዎ፣ ቡር ዱባይ እንዳለው መኖርም የለበትም። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ትንሽ ኮንቨርተር ግዙ፤ ሁለት ጫፍ ያለው ተራ ገመድ ሳይሆን ጀርባው ላይ ጎበጥ ያለች ሳጥን ያለችው። ተራው ገመድ አይሠራም።

የድሬዋ፦
ታይዋን ሄጄ መጣሁ። ሠራ! ከምሽቱ 5 ሰዓት ሆኗል፣ ልጁ እራቱንም አልበላ።